ካርድ የሌለው ምርቃት

፩
ትርሲት የሙሽራዋን አባት ምርቃት አርባ ሰባት ጊዜ አነሳች። ካሜራው ውስጥ ካርድ አልነበረም።

፪
ለዚህ ታሪክ የሚያስፈልጉ፦
አንዲት ፎቶ አንሺ፤ ሠርግ ማንሳት ከጀመረች አሥራ አንድ ዓመቷ።
አንድ ካሜራ፤ ከነሌንሱ ሕፃን ልጅ ያክላል።
አንዲት ሙሽራ፣ ብሌን።
አባቷ አቶ ወንድይፍራው። በመረጠችው ባል ተቀይመው ዓመት ሙሉ አላናገሯትም።
አንድ ዘንቢል።

ዘንቢሉ ይመጣል።

፫
ብሌን ውል ስትፈርም፦ «ኬኩም ይቅር፣ መናፈሻውም ይቅር። አባዬ ከክፍሉ ወጥቶ ጉልበቱን ካሳመኝ፣ እሷን ብቻ እንዳታመልጥሽ።»
ትርሲት፦ «እኔ? አምልጦኝ ያውቃል?»

(ይቺን ያዙልኝ።)

፬
ትርሲት ስለ ስልክ፣ ማንም ሳይጠይቃት፦
ስልክ አያነሳም፣ ይገምታል። ከኋላ ያለውን ላደብዝዝ ሲል የሰው ጆሮ ይዞ ይሄዳል። በስልክ ያነሳ ሁሉ ፎቶ አንሺ ከሆነ፣ ቴርሞሜትር የገዛ ሁሉ ሐኪም ነው።

ይህን የተናገረችው በሠርጉ ጠዋት፣ አዳማ፣ ሙሽራዋ ቤት በረንዳ ላይ ቆማ ነው። ከዚያ ዘንቢል አስመጣች። የቤተሰቡን ስልክ ሁሉ ለቀመች።

«እትዬ የሺመቤት፣ የእርስዎም።»
«የኔው ካሜራው አይሠራም፣ ልጄ» አሉ የብሌን አክስት። «ተሰንጥቋል፣ እዪው።»

አየችው። አዘነች፤ ለስልኩ። ተወችላቸው።

፭
አቶ ወንድይፍራው ከክፍላቸው ወጡ።

ወጡ!

ብሌን ተንበርክካ ጉልበታቸውን ሳመች። እሳቸውም እጃቸውን ጭንቅላቷ ላይ ጫኑ። «ውለጂ፣ ክበጂ...» ሌላውን ለቅሶ ወሰደው።

ቀጭ። ቀጭ። ቀጭ።

፮
ካርዱ፦ ትርሲት ቤት፣ ላፕቶፑ ላይ እንደተሰካ።
ካሜራው ካርድ ሳይኖርም ቀጭ ይላል። እንዳይል ማድረግ ይቻላል። ትርሲት ለምታሠለጥናቸው ሁሉ መጀመሪያ የምታሳየው እሱን ነው።

፯
ቃል በቃል፦

ትርሲት፦ አባባ፣ አንዴ ይደግሙልኛል?
አቶ ወንድይፍራው፦ ምኑን?
ትርሲት፦ ምርቃቱን። ብርሃኑ ትንሽ...
አቶ ወንድይፍራው፦ ዓመት ሙሉ አምጬ ያወጣኋትን? በየት በኩል ልድገማት?
ብሌን፦ ብርሃኑ ምን ሆነ?



፰
እትዬ የሺመቤት የትርሲትን ክንድ ይዘው ወደ ጓሮ ወሰዷት።
«ይሠራል» አሉ።
«ምኑ?»
«ካሜራው ነዋ።»
«ዋሹኝ!»
«እንደዚያ ስትጮኺ ምን ላድርግ? ወንድሜ ዓመት ሙሉ ቆይቶ አፉን ሊከፍት፣ እኔ ስልኬን ዘንቢል ውስጥ ልክተት?»

ፎቶው አንድ ነው። ተንጋዷል። ጥጉ ላይ የእትዬ አውራ ጣት። ግማሹ የትርሲት ጀርባ፤ ሰፊ ጀርባ ነው፣ አይካድም። በተረፈው ግማሽ፣ የአባት እጅ የልጅ ጭንቅላት ላይ። አፋቸው ምርቃቱ ላይ እንደተከፈተ።

ጆሯቸውም አለ። ሁለቱም።

፱
ለብሌን የሚነገር፦
ሀ) ብርሃኑ ነው።
ለ) ካርዱ ተበላሸ።
ሐ)

፲
ትርሲት ዘንቢሉን በረንዳው መሀል አስቀመጠችና «ስልካችሁን ውሰዱ» አለች። የእትዬን የተሰነጠቀ ስልክ ይዛ ብሌን ፊት ቆመች።

«ብሌንዬ፣ ብርሃኑ ምንም አልሆነም።»