የሚስ ኤድና ግድግዳ

የሚስ ኤድናን ደብተሮች ግድግዳ ላይ ለጠፍኳቸው። ሁለቱንም።

ደብተሮቹ የእናቷ ናቸው። እናትየው በልጅነቷ፣ ፊልም ገና ድምፅ ሳይኖረው፣ የአክተሮችን ፎቶ ከመጽሔት እየቆረጠች የለጠፈችባቸው። ሙጫው መቶ ዓመት ሞልቶታል። ገልጠሽ ሳትጨርሺ ፎቶው ይረግፋል።

ሚስ ኤድና ዘጠና አራት ዓመቷ ነው። እጇ አይታዘዝላትም፤ የምገልጥላት እኔ ነኝ። "ቀጥይ" ትላለች። ስቀጥል "ያቺን መልሺልኝ" ትላለች። ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ሳልዘጋ ትጣራለች። ቤቱ ከከተማ ወጣ ያለ ሰፈር ነው፣ ሮዝዌል፣ ዛፍ መሀል። መኪና የለኝም። ከገባሁ፣ እረፍት ሳልወጣ፣ አስራ ዘጠኝ ቀኔ። አስታማሚ አድርጎ የላከኝ ኤጀንሲ የምትተካኝ ልጅ ነገ ትመጣለች ይላል፤ አስራ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ነገ። ጥያት ብወጣ ሰርተፊኬቴ ይሄዳል። ደግሞ ወጥቼስ የት? የምኖረው እዚሁ ነው።

ባለፈው ሳምንት አስር ፎቶ ባንዴ ረገፈ። አለቀሰች። እኔ ያደግኩበት የጭቃ ቤት ግድግዳው በሙሉ ጋዜጣና መጽሔት ነበር፤ ገልብጠው የለጠፉትን አንገቴን አጣምሜ እያነበብኩ ነው ፊደል የለየሁት። ፉርኖ ዱቄት በውሃ አፈላሁና አስሩንም ከአልጋዋ ፊት ለፊት ለጠፍኳቸው።

እያየቻቸው ሳትጣራ ቆየች። ሁለት ሰዓት ሙሉ። ሻወር ወሰድኩ።

በማግስቱ የረገፉትን ጨመርኩ። ከዚያ በኋላ ያልረገፉትንም ነቀልኩ፣ አልዋሽም።

ዛሬ ጠዋት ልጇ ጆአን ደወለች።

"ማራኪ፣ የማሚን ደብተሮች ካርቶን ውስጥ አድርጊልኝ። ለላይብረሪ ልሰጣቸው ቃል ገብቻለሁ። ከሰዓት መጥቼ እወስዳቸዋለሁ።"

"እሺ" አልኩ።

ጓደኛዬ ተናኘ ጋ ደወልኩ። እሷም እንደኔ አስታማሚ ናት፤ ሳንዲ ስፕሪንግስ የሚባል ሰፈር አንድ ሽማግሌ ትይዛለች።

"ግድግዳ ላይ?"

"ግድግዳ ላይ።"

"በፉርኖ?"

"ተናኘ፣ ጊዜ የለኝም።"

"ጣራውንስ ተውሽላቸው?" ስቃ ስቃ ሲወጣላት፣ "በይ በእርጥብ ጨርቅ አርሺው፣ ይለቃል። ደብተሩ ላይ መልሺው። ብታባርርሽ የት ትገቢያለሽ? የኔ ሶፋ ላይ ወንድሜ እንድርያስ ተኝቷል።"

"ለማባረርም ተተኪ ያስፈልጋታል።"

"አትቀልጂ አንቺ። ንቀዪው።"

ጨርቅ አራስኩ። ከታች ካለችው ጀመርኩ፤ ኮፍያ ያደረገች፣ ዓይኗን ጥቁር አድርጋ የተኳለች ሴት። እውነትም ለቀቀች። ጫፏ እንኳን አልተቀደደም። ከፈጠንኩ ጆአን እስክትመጣ እጨርሳለሁ።

"የት ትወስጃታለሽ?" አለች ሚስ ኤድና።

"ወደ ደብተሩ።"

"እዚያ አላያትም።"

"ጆአን ናት ያለችኝ።"

"ጆአን ማናት?"

ጨርቁን ወደ ሁለተኛዋ ሳስጠጋ መጣራት ጀመረች። እኔን አይደለም፣ እናቷን። የአልጋውን ብረት በእጇ ትመታለች። እዚያው አጠገቧ ቆሜ እያለሁ ትጣራለች። ደብተሮቹ ከሄዱ ደግሞ የማሳያት ነገር የለም፤ ጆአን ካርቶኗን ይዛ ትሄዳለች፣ እኔና ይሄ ጩኸት እዚሁ እንቀራለን።

ውጭ የመኪና በር ሲዘጋ ሰማሁ። ቀድማ መጣች።

ከለጠፍኩበት ፉርኖ ጎድጓዳው ሳህን ውስጥ ትንሽ ተርፎ ነበር። ሴትየዋን ቦታዋ መልሼ ለጠፍኳት፣ ጠርዟን በመዳፌ ተጫንኩት፣ እጄን ልብሴ ላይ ጠረግኩ፣ ደረጃውን ወርጄ በሩን ከፈትኩ።