የነጩ መኪና ጎማዎች

«ቁጭ በል እንጂ ጋሼ፤ ዛሬ እኮ ኀዘንተኛ ነህ። ማን ጎማ አብራ አለህ?» አለ ሾፌሩ።

ጋሽ ይድረቅ ጥቁር ኮቱን አውልቆ ከጋራዡ በር ሚስማር ላይ ሰቀለ፤ የሸሚዙን እጅጌ እስከ ክርኑ ጠቅልሎ ባልዲውን ከቧንቧው ሥር ደቀነ። ኮቱን ያዋሰው ጎረቤቱ ነው። ትከሻው ላይ ስለሚጠበው ከቤት ጀምሮ እጁን እንደ ልቡ ሳያወዛውዝ ነበር የመጣው።

ነጩ መኪና ግቢው መሀል ቆሟል። ጋሽ ይድረቅ የሚሠራበት የቀብር አስፈጻሚ ድርጅት ያለው መኪና ይኸው አንድ ነው፤ ከእሱ በቀር ሌላ ሰው አጥቦት አያውቅም። ሀብታም ተሸኝቶበታል፣ ድኻ ተሸኝቶበታል፣ ስሙን እንኳ የሚያውቅለት ሰው ያጣ መንገደኛም ተሸኝቶበታል። ለሁሉም እኩል ታጥቧል። ዛሬ ከቀትር በኋላ የምትሸኝበት ግን የእሱ ሚስት ናት። ትናንት ጎህ ሲቀድ ሆስፒታል ውስጥ ዐረፈች።

«ይድረቅ» እናት አባቱ የሰጡት ስም አይደለም፤ የሥራ ባልደረቦቹ ያወጡለት ነው። የጎማ ማጥቆሪያ የሚሉት ነገር ከጣሳ የሚረጭ ቅባት መሰል ፈሳሽ ነው። ያረጀና አመድ የመሰለ ጎማ ላይ ሲያርፍ ትናንት ከመደብር የወጣ ያስመስለዋል። ጠባዩ ግን ክፉ ነው። ትርፉ በደረቅ ጨርቅ ካልተጠረገና ጊዜ ካልተሰጠው፣ መኪናው ፈጠን ሲል ጎማው መልሶ ይረጨዋል፤ ነጭ ቦዲ ላይ ጥቁር ነጥብ ይዘራል። ስለዚህ ሾፌር ቁልፍ እያቃጨለ በመጣ ቁጥር ጋሽ ይድረቅ እጁን ዘርግቶ «ይድረቅ!» ይላል። ሥራ አስኪያጁም ቢሆን ያው ነው መልሱ። አንድ ጊዜ የሟች ወንድም ሰዓት ሄደ ብሎ ቢያፈጥበት፣ «ወንድምህን በዥጉርጉር መኪና ልትሸኘው ነው?» ብሎ አፉን አስይዞታል።

ቤት ውስጥ ይህ ሁሉ መሳቂያ ነበር። ሚስቱ ክርና ቁልፍ የምትሸጥባት ትንሽ ሱቅ ነበረቻት፤ ማታ ማታ ዘግታ ስትመጣ እሱ ገና ደጃፍ ላይ የሥራ ልብሱን ሲያወልቅ ትደርሳለች። ሽታውን አትወደውም። «ይኼ የጎማ ቅባት ከእኔ ቀድሞ አልጋ ላይ ሊወጣ ነው» ትለው ነበር። አንድ ቀን ግን ነገሩ ከንክኗት ጠየቀችው።

«እስቲ ንገረኝ አንተ ሰውዬ፣ የሞተ ሰው ወርዶ ጎማ ሊያይልህ ነው?»

«የሞተውማ ምኑን ያያል፤ የቆመው ነው የሚያየው። ኀዘንተኛ አንገቱን ደፍቶ ነው ከመኪናው ኋላ የሚሄደው። አንገቱን የደፋ ሰው ምን ይታየዋል? አበባው አይታየው፣ መጋረጃው አይታየው። ጎማ ነው የሚታየው። እናቱን ይዞበት የሚሄደው ጎማ ጭቃ የላሰ ከሆነ ደግሞ አንጀቱን ይበላዋል።»

እየሳቀች መስማት ጀመረች፤ መጨረሻ ላይ ግን ሳቋን ተወች። ከዚያ በኋላ በሱቋ በር ቀብር ባለፈ ቁጥር ወጥታ ታያለች። ማታ ስትመጣ «ዛሬ መኪናህ በእኔ በኩል አለፈ፤ ጎማው ያምራል» ትለዋለች። ከሰው አፍ የሰማው ምስጋና እሱ ብቻ ነው፤ ሌላም አልፈለገም።

አሁን መኪናውን አጥቦ ጨርሶ ከፊተኛው ጎማ ሥር ተንበረከከ። ደንቡ የታወቀ ነው፤ ማጥቆሪያው ስፖንጅ ላይ ይረጫል እንጂ ጎማው ላይ አይረጭም። በስፖንጁ የጎማው ጎን ይታሻል፣ መንገዱን የሚነካው ጥርሱ ላይ እንዳይደርስ ይጠነቀቃሉ፣ ከዚያ በደረቅ ጨርቅ ትርፉ ይጠረጋል። የመጀመሪያውን እንዲያ አድርጎ ሠራ። ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ግን ጎማው ይብራ አይብራ መለየት አቃተው። ዓይኑን በክንዱ አበሰ። እንደገና ረጨ። አሁንም አልታየውም። ሚስቱ በበሯ ቆማ የምታየው ጎማ መስሎት ይሁን ምን፣ ስፖንጁን ትቶ ከጣሳው በቀጥታ ጎማው ላይ ረጨበት፤ ደገመበት። ሾፌሩ አየው። በዚህ ቀን ምን ብሎ ያርመው?

ስልኩ የጮኸው አራተኛውን ጎማ ረጭቶ ጨርቁን ሲያነሳ ነው። ሴት ልጁ ነበረች፤ ከሆስፒታል።

«አባዬ፣ አልብሰናታል። ያንን ሰማያዊ ቀሚሷን ነው ያለበስናት።»

«እሰይ የኔ ልጅ። አሁን አጠገቧ ናችሁ?»

«አይ፣ ውጡ ተብለን ወጣን። ክፍሉ በጣም ይበርዳል፤ ሰው አያስቆዩበትም። ኮሪደር ላይ ነን።»

«ታዲያ ማን አለ እሷ ጋ?»

«ማንም የለም፣ አባዬ» አለችው።

ሚስቱ ብቻዋን ቤት ተኝታ አታውቅም። ድፍን ሰፈሩ ያውቃል። እሱ ሌሊት ሥራ ያለው ቀን የጎረቤት ልጅ ለምና ታስተኛለች፤ ያም ካልተገኘ መብራት አብርታ ተቀምጣ ታነጋለች። ሆስፒታል የገባች ጊዜም የመጀመሪያው ጥያቄዋ ሕመሙ አልነበረም፤ «ማታ ማን ነው አብሮኝ የሚያድረው?» ነበር ያለችው። እሱ ነበር ያደረው፤ ወንበር ላይ፣ እጇን ይዞ። አሁን እዚያ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ በር ተዘግቶባታል።

ጨርቁን ባልዲው ላይ ጣለ፤ ኮቱን ከሚስማሩ አውርዶ ለበሰ። «ተነስ እንሂድ» አለው ሾፌሩን።

«ትንሽ ይድረቅ እንጂ» አለ ሾፌሩ። ስሙን በመጥራቱ ወዲያው ደነገጠ። «ማለቴ፣ ጎማው ገና...»

«ሂድ ነው የምልህ! ብቻዋን ናት።»

ሆስፒታሉ ቅርብ ነበር፤ ሣጥኑን ጭነው ወጡ። ከሆስፒታሉ እስከ መቃብር ቦታው ድረስ ያለው መንገድ ሰፊና ረጅም ነው። ዘመድ አዝማዱ በሚኒባስ ከኋላ ተከተለ። ጋሽ ይድረቅ በሚኒባሱ መስኮት በኩል ተቀምጦ ነጩን መኪና ከፊት ያየዋል፤ የሚያየው ግን የኋላ መስታወቱን ብቻ ነው። ከመስታወቱ ወዲያ ያለውን ሣጥን ያስባል። አጠገቡ የተቀመጠችው የሚስቱ ታላቅ እህት ጉልበቱን ይዛ ታለቅሳለች። መጽናናት ያለበት እሱ ሆኖ ሳለ፣ «አይዞሽ እትዬ» የሚለው እሱ ነበር። ነጩ መኪና እየፈጠነ መሄዱን እንኳ ልብ አላለም።

መቃብሩ በር ላይ ሲደርሱ ሁሉም ወረደ። እንደ ወትሮው መኪናው በሰው እርምጃ መሄድ ጀመረ፤ ሰዉም ከኋላና ከጎን ተከተለው። ጋሽ ይድረቅ ከፊት ነው። ይህን ሰልፍ ስንት ጊዜ ከሩቅ አይቶታል፤ ውስጡ ገብቶ ሲሄድ ግን ይህ የመጀመሪያው ነው። አንገቱን ደፋ። እንዳለውም ዓይኑ ጎማው ላይ ዐረፈ።

ጎማው ያበራል። ከጎማው በላይ ግን፣ ጎማውን በሚጋርደው ፓራፋንጎ ላይ፣ አንድ ጥቁር ነጥብ አለ። ቀጥሎ ሌላ። ዓይኑን ከፍ ሲያደርግ ነጥቡ ከጎማው ተነስቶ ወደ በሩ፣ ከበሩም ሣጥኑ እስካለበት መስታወት ድረስ ተረጭቶ አየው። በመጀመሪያ ጭቃ መሰለው፤ ለራሱም ጭቃ ነው ሊል ፈለገ። ጭቃ አይደለም። ጭቃና ማጥቆሪያ የማይለይ ሰው ቢሆን ምንኛ በወደደ።

የማንንም እናት፣ የማንንም ሚስት እንዲህ አድርጎ ሸኝቶ አያውቅም። የማያውቀውን ሰው ሁሉ በንጹሕ መኪና ሸኝቶ፣ የገዛ ሚስቱን፣ በበሯ ወጥታ ጎማህ ያምራል የምትለውን ብቸኛ ሰው፣ በገዛ እጁ እንዲህ አደረጋት። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ የሚያየው ይህንኑ መሰለው።

«ምን ሆንክ? ምን አየህ?» አለች እትዬ ክንዱን ይዛ።

«ምንም» አላት። መሐረቡን ከኪሱ አወጣ።

መኪናው ቆመ። የኋላው በር ተከፍቶ ሣጥኑ ወጣ። በቀኝ በኩል የፊተኛው መያዣ ለእሱ ተትቶ ነበር፤ ወንዶቹ ዞር ዞር እያሉ ፈለጉት። እሱ ግን በመኪናው ማዶ ተንበርክኮ ነጥቡን በመሐረቡ ይፈትጋል። ሾፌሩ መጥቶ ትከሻውን ነካ አደረገው።

«ተወው ጋሼ፤ ማታ እኔ በሳሙና አስለቅቀዋለሁ። ማንም አላየውም እኮ።»

«አንተ አይተኸዋል። እኔም አይቼዋለሁ። ሂድ፣ በእኔ ቦታ ያዝልኝ።»

ሾፌሩ ሄደና በእሱ ቦታ ገብቶ ተሸከመ። ሣጥኑ በሰው ትከሻ ላይ ሆኖ ወደ ጉድጓዱ ራቀ። ጋሽ ይድረቅ የሚሰማው የእግር ኮቴ ብቻ ነው፤ የብዙ ሰው እግር፣ ጠጠር ላይ። ነጥቡ በደረቅ ጨርቅ ሲነካ መጀመሪያ ይሰፋል፤ አጥብቆ ሲፈትጉት ነው የሚለቀው። መሐረቡ ሲጠቁር ጣለው። ቀጥሎ የተዋሰውን ኮት እጅጌ ስቦ በመዳፉ ያዘና በሱ ቀጠለ።

ጸሎቱ አለቀ። ከዚያ የአንድ ሰው እርምጃ ወደ እሱ መጣ።

«አባዬ።»

ሴት ልጁ ነበረች። ዓይኗ አብጦ ድምፅዋ ሻክሯል።

«መጣሁ፤ ይቺን ላስለቅቅና መጣሁ።»

«ሰው ሁሉ አንተን እየጠበቀ ነው። የመጀመሪያውን አፈር አንተ ካልጣልክ አይጀምሩም።»

«መጣሁ አልኩሽ እኮ!»

ልጅቷ ጎንበስ ብላ እጁ የሚመላለስበትን ቦታ አየች። ነጭ ነው። በሩም፣ መስታወቱም፣ ፓራፋንጎውም ጸድቷል። የአባቷ እጅ ግን እዚያው ላይ ይመላለሳል፤ የኮቱ እጅጌ ጠቁሮ፣ ጣቶቹ ጠቁረው።

«ለቋል እኮ፣ አባዬ።»

«አልለቀቀም» አለ፤ ቀና ብሎም አላያትም።

መልቀቁን እሱም ያውቃል። የሚያውቀው ሌላም ነገር አለ። እሱ ካልሄደ አፈር አይጣልም፤ አፈር እስካልተጣለ ድረስ ደግሞ ሚስቱ አልተቀበረችም። እጁን ካቆመ መነሳት አለበት። ተነስቶ ሄዶ የሚያየውን ነገር አይችለውም፤ አቅም የለውም።

ልጅቷ ወደ ጉድጓዱ ዞር አለች። እትዬ ከሩቅ እጇን አወናጭፋ «ምነው?» ስትላት፣ መዳፏን አንስታ ቆዩ አለቻቸው። ከዚያ ጥቁር የአንገት ልብሷን ፈታች። በእጇ ጨበጥ ጨበጥ አድርጋ ከአባቷ ጎን በጉልበቷ ጠጠሩ ላይ ወረደችና፣ አንዳች ነጥብ የሌለበት የበሩ ጫፍ ላይ አሳረፈችው።

«እዚህም አለ» አለች።

«የት?»

«ይኸው፤ እዚህ ጋ።»

አጎንብሶ አየ። ንጹሕ ነጭ ነው። የልጁን ፊት አየ፤ መልሶ በሩን አየ።

«አዎ፣ አለ» አለ። «ጥረጊው። ቀስ እያልሽ፣ የኔ ልጅ። ቀስ እያልሽ።»