የዶን መሊቶን መስኮት

ኤውሴቢያ ሰኞ ሰኞ ለአባቷ ሻማ ታበራለች። አባቷ ዶን መሊቶን ከሞተ ብዙ ዘመን ቢያልፍም ከቤቱ ግን አልወጣም። በተራራማዋ ከተማ በኦያንታይታምቦ የመቃብሩ ቦታ ጠባብ ነውና አሮጌ ሟች ለአዲስ ሟች ጉድጓዱን ይለቃል፤ መቃብሩ ዳግመኛ በተቈፈረ ቀን ቤተ ዘመዱ ሄዶ የራስ ቅሉን በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ወደ ቤቱ ይመልሰዋል። ስፍራውም የታወቀ ነው። የጥንት የአገሩ ገዥዎች፣ ኢንካዎች፣ ድንጋይን ከድንጋይ ያለ ጭቃ አጋጥመው በሠሩት ግድግዳ ውስጥ፣ ከሥሩ ሰፋ ከራሱ ጠበብ ያለ፣ ወደ ውጭ የማያሳይ ድፍን መስኮት አለ፤ ሟቹ እዚያ ተቀምጦ ቤቱን ይጠብቃል፣ ሌባ ያርቃል፣ የልጆቹን ጠብ ይሰማል። ልጆቹም በበኩላቸው መብራትና የሚታኘክ የኮካ ቅጠል አያስቀሩበትም።

"አባዬ፣" ትለዋለች ኤውሴቢያ ቅጠሉን እያስቀመጠች፣ "ጉልበቴ እንደዚያው ነው። በቆሎው ግን ዘንድሮ ይሻላል።"

ዶን መሊቶን በሕይወቱ የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ነበር። በመጀመሪያ ደመወዙ ከፊት ጥርሶቹ አንዱን በወርቅ አስለበጠ፤ ከዚያን ቀን ወዲህ የማያስቀው ነገር ሁሉ ያስቀው ጀመር። ከሞተም በኋላ ያ ጥርስ ከድፍኑ መስኮት ሆኖ የሻማውን ብርሃን ይመልስ ነበር። ኤውሴቢያ ብልጭታውን ባየች ቍጥር አባቷ ነገሯን ሰምቶ የሣቀ ይመስላት ነበር።

ያ ጥርስ አሁን የለም። የጠፋውም በልጇ በዊልበር ምክንያት ነው።

ዊልበር አስጎብኚ ነው። ከባቡር የሚወርዱትን እንግዶች በጠባቡ የድንጋይ መንገድ፣ በውኃው ቦይ ዳር ዳር እየመራ ወደ እናቱ ቤት ያመጣቸዋል፤ በምድጃው ሥር የሚንጫጩትን፣ ለሥጋ የሚረቡትን ጥንቸል መሳይ ትንንሽ እንስሳት፣ ኩዪዎችን፣ ያሳያቸዋል፤ በመጨረሻም ወደ ድፍኑ መስኮት ያደርሳቸዋል። ሥራውን ሲጀምር እውነቱን ይናገር ነበር። "ይህ አያቴ ነው" ሲላቸው ግን እንግዶቹ ሳይጠሩ ለቅሶ ቤት እንደ ገባ ሰው ዐይናቸውን ሰብረው፣ እየተሸማቀቁ ይወጡ ነበር። አንድ ቀን፣ ምን እንደ ነካው እሱም ሳያውቀው፣ "ይህ ከኢንካዎቹ ዘመን የቈየ አባታችን ነው" አለ። የሁሉም ዐይን በራ፤ ካሜራው ሁሉ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ወደ እውነቱ የሚመለስበት ቀን አልመጣም።

ችግር የነበረው ጥርሱ ነው። አንዲት እንግዳ ጠጋ ብላ አይታ፣ ኢንካዎች የጥርስ ሐኪም ነበራቸው ወይ ብላ ጠየቀች፤ ጓደኞቿም ሣቁ። ከዚያ በኋላ ኤውሴቢያ ሻማዋን ስታበራ የሚመለስ ብልጭታ አጣች። ዊልበር "ወልቆ ወድቆ ይሆናል፣ እማ" አላት። ወለሉን ጠረገች፤ የኩዪዎቹን ጭድ ሳይቀር በእጇ አበጠረች። ጥርሱ አልተገኘም። የት እንደ ሄደ ልቧ ነግሯት ነበር፤ ልጇን ግን አልጠየቀችውም። ስፓኒሽ ብዙ ባትችልም ልጇ በመስኮቱ ፊት የሚናገረውን ለመረዳት የሚበቃ ያህል ትሰማለች፤ ሰምታም ለእንግዶቹ ፈገግ ትላለች። ስለዚህ ሰኞ ሲመጣ ከቅጠሉ ጋር ይቅርታ መጠየቅ ልማዷ ሆነ። ይቅርታ እየጠየቁ ያንኑ በደል ማስቀጠል ይቅርታ እንዳልሆነ ኤውሴቢያ አልጠፋትም፤ ነገር ግን ቤቱ የሚኖረው በእንግዶቹ ነበር።

ከመንገዱ ማዶ ፍሎርሚራ የበቆሎ ጠላ ትሸጣለች። ከበሯ በላይ በረጅም እንጨት ጫፍ ቀይ ላስቲክ ሲውለበለብ ጠላው ደርሷል ማለት ነው። የዊልበር የክርስትና እናት ናት፤ ከምላሷ የሚያመልጥ የለም።

"ስሚ እቴ፣" አለች አንድ ቀን ጠዋት ከደጇ ሆና፣ "መሊቶን ስንት ዓመቱ ሆነ? ትናንት ልጅሽ አምስት መቶ ሲል ሰማሁት።"

"ተይው ባክሽ።"

"ምኑን ልተወው? በቅዱስ ጴጥሮስ በዓል ወገቤን ይዞ ሲያስጨፍረኝ ያደረው ሰውዬ ኢንካ ከሆነ፣ እኔ እንግዲህ ከጥፋት ውኃ የተረፍኩ ነኝ ማለት ነው።"

ኤውሴቢያ ሳትወድ ሣቀች፤ ድንች ወደምትልጥበት ተመለሰች። በዚያው ሰዓት አንድ ሰው ብቻውን በመንገዱ ወጣ። ባርኔጣ አድርጓል፤ ጫማው ንጹሕ ነው፤ የሚፈልገው ቤት እንዳለው ሰው በሮቹን ያያል።

"ኢንካውን ፍለጋ ከሆነ በዚያ በር ነው፣" አለችው ፍሎርሚራ። "ቶሎ ግቡ፣ ሳያረጅባችሁ።"

ሰውየው አመስግኖ ገባ። ዊልበር ከዋና ከተማዋ ከሊማ የመጣ እንግዳ መሰለውና በደስታ ተቀበለው፤ ወደ መስኮቱም ወሰደው። ሰውየው የራስ ቅሉን ጐንበስ ብሎ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ለረጅም ጊዜ ተመለከተ።

"እውነት የኢንካ ነው?" አለ።

"የኢንካ ነው፣ ጌታዬ። ከልጅ ልጅ እየተቀባበልን ነው ያቈየነው።"

"ሌላ ቦታ እንደዚህ ብለውኝ የአንድ ጐረቤት ራስ ቅል ሆኖ አገኘሁት።"

"የነሱን እንጃ። የኛን ግን እናቴ ትሙት።" ዊልበር በአገጩ ወደ ምድጃው ጠቈመ። "ይችው እዚህ ቁጭ ብላለች፣ ይጠይቋት።"

ሰውየው ወደ ኤውሴቢያ ዞረ። እሷም እንደ ልማዷ ፈገግ አለች።

ከዚያ ሰውየው ባርኔጣውን አወለቀ፤ ከኪሱ መታወቂያ አውጥቶ ለዊልበር አሳየ፤ ለእናቱ ደግሞ በአካባቢው ቋንቋ፣ በጥሩ ኬችዋ፣ ተናገረ። ስሙ ኤፍራይን እንደ ሆነ፣ ከኩስኮ ከተማ ከቅርስ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እንደ መጣ፣ የኢንካ ዘመን ዐፅም የማንም ቤት ሳይሆን የመላው አገር ንብረት እንደ ሆነና ወስዶ ማስረከብ ግዴታው እንደ ሆነ ቀስ ብሎ አስረዳት።

"እማማ፣ አይቀየሙኝ፣" አለ።

ኤውሴቢያ ቢላዋውን አስቀመጠች። "አባቴ ነው፣" አለች።

"ልጅዎ በእርስዎ ምሎ ሌላ ነገር ነግሮኛል።"

"ውሸቴን ነው፣" አለ ዊልበር። ፊቱ ዐመድ መስሏል። "ሁሌም የምለው ነው፣ ጌታዬ፤ ለሆድ ነው። አያቴ ነው። የሐዲድ ሠራተኛ ነበር፣ መሊቶን ነው ስሙ።"

ኤፍራይን አልተቈጣም። ቢቈጣ ኖሮ ምናልባት መልስ ይገኝለት ነበር። "ሁሉም እንደዚህ ነው የሚለኝ፣ ወንድሜ። ስገባ ኢንካ ነው፤ መታወቂያዬን ሳወጣ አያት ይሆናል። እኔ የትኛውን ልመን?"

ጫጫታውን ሰምታ ፍሎርሚራ እጇን በጉርዷ እየጠረገች ገባች። ነገሩን በሰማች ጊዜ ቀልዷ ከፊቷ ጠፋ።

"እኔ አውቀዋለሁ፣ ጌታው። ዐብረን ጨፍረናል። ሲሞትም ቀብሬዋለሁ።"

"እርስዎ ነዎት እኮ፣ እናቴ፣ ኢንካው በዚህ በር ነው ያሉኝ።"

"ለሣቅ ነው።"

"ይገባኛል። እኔም የዚህ ተራራ ልጅ ነኝ፤ ጐረቤት ለጐረቤቱ እንደሚቆም አውቃለሁ። ለዚህ ነው ምስክርነቱ የማይረዳኝ።"

በዚያን ጊዜ ኤውሴቢያ ተነሣች። ጉልበቷ አስቸግሯት ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች፤ ድምፅዋ ግን ተስፋ ያገኘ ሰው ድምፅ ነበር። "የወርቅ ጥርስ አለው፣" አለች። "ከፊት፣ በግራ በኩል። ኢንካ የወርቅ ጥርስ አያስለብጥም።"

ኤፍራይን ትንሽ ባትሪ አውጥቶ ወደ መስኮቱ አበራ። "እማማ፣ ወርቁ የለም። ጥርሱም የለም፤ ባዶ ነው።"

ኤውሴቢያ የተናገረችው የጠፋውን ረስታ አልነበረም። ሌላ የምትናገረው ስላልነበራት ነው፤ ምናልባትም ያን ያህል ዘመን ሳትጠይቅ የቈየችውን ነገር ዛሬ ሌላ ሰው እንዲጠይቅላት ነበር። ወደ ልጇ ተመለከተች።

"የት አደረግኸው?" አለችው።

ዊልበር ወለሉን እያየ፣ "ኩስኮ ሸጥኩት፣ እማ፣" አለ።

"ለማን?"

"መንገድ ላይ ለሚገዛ ሰው። አላውቀውም። ይቀልጣል እኮ፤ እስካሁን ቀለበት ሆኗል።"

ኤፍራይን ራሱን ነቀነቀ፤ ያመነ ይመስል ነበር። ነገር ግን እሱ ማመኑ ምንም አይፈታም። ሪፖርቱን ከመምጣቱ በፊት ሌላ ሰው ጀምሮታል፤ ዊልበር በመስኮቱ ፊት ቆሞ ስለ ኢንካ አባቱ ሲናገር እንግዶች የቀረጹት ቪዲዮ መሥሪያ ቤቱ ደርሷል፤ አንድ ብቻም አይደለም። "በእኔ ቃል ብቻ መተው አልችልም፣" አለ። "ምርመራ ይደረግበታል። ቅርብ ጊዜ የሞተ ሰው ከሆነ ያውቁታል።"

"ካወቁ ይመለሳል?" አለች ኤውሴቢያ።

"ይመለሳል ማለት አለብኝ።"

"መቼ?"

"ወረፋ አለ፣ እማማ።"

ከመኪናው ሣጥን አመጣ፤ ጓንት አጠለቀ። የራስ ቅሉን ከመስኮቱ ሲያነሣ እንደ ሕፃን በሁለት እጁ ደግፎ ነበርና ኤውሴቢያ የምትሰድበው አጣች። ከወገቧ ከረጢት ጥቂት የኮካ ቅጠል አውጥታ፣ "ለመንገዱ ነው፣" ብላ ወደ ሣጥኑ ዘረጋች።

"አይቻልም። ምርመራውን ያበላሻል።"

እጇን መለሰች። ሣጥኑ ሊከደን ሲል ደግሞ፣ "እንግዲያው ፊቱን ወደሚሄድበት አድርጉት፣" አለች። "ባቡር ላይ ወደ ኋላ ዞሮ ሲቀመጥ ያጥወለውለው ነበር።"

ኤፍራይን ሣጥኑን በመኪናው ወንበር ላይ አዙሮ፣ ፊቱን ወደ ፊት አድርጎ በቀበቶ አሰረው። በሥልጣኑ ሥር የነበረው ይህ ብቻ ነበር፤ ይህንም አደረገ።

ዊልበር በሚቀጥሉት ሳምንታት ወደ ኩስኮ ተመላለሰ። ማንም አላመናጨቀውም። ዘበኛው ወንበር ሰጠው፤ ጸሐፊዋ ስሙን ጠየቀችው፤ ኤፍራይንን በስልክ ሲያገኘው ኤፍራይን ለመስክ ሥራ ርቆ ሄዷል፣ ጉዳዩ ከእጁ ወጥቷል፣ እሱም አዝኗል። እንዲህ ካለ ሰው ጋር ማን ይጣላል? በየጊዜው የሚነገረው አንድ ነው፤ ተራው ሲደርስ እንነግርሃለን። ተራው ከማን ቀጥሎ እንደ ሆነ የሚነግረው አልነበረም።

"ምን አሉህ?" ትለዋለች እናቱ ሲመለስ።

"ወረፋ ነው አሉ።"

"ብቻውን ነው ያለው ወይስ ከሌሎች ጋር?"

"ከሌሎች ጋር ነው መሰለኝ።"

"እነሱስ የማን ናቸው?"

ይህን ማንም አያውቅም።

ከዚያ ወዲህ ዊልበር እንግዳ ማምጣት ተወ። ቤቱ ግን በየስልኩ ታውቆ ነበርና አንድ ሰኞ ማንም ሳይጠራቸው ባልና ሚስት የሚመስሉ ሁለት አዛውንቶች በሩን አንኳኩ። ኤውሴቢያ በዚያች ሰዓት በድፍኑ መስኮት ውስጥ ሻማ አብርታ፣ ቅጠል አስቀምጣ ቆማለች። ሴትዮዋ ባዶውን ስፍራና ሻማውን አይታ፣ ምን እንደ ሆነ ዊልበርን በሹክሹክታ ጠየቀችው።

ዊልበር ወደ እናቱ ዞረ። "ምን ልበላት?" አለ።

"የሆነውን ነዋ።"

እሱም ነገራት። እዚህ አያቱ ይቀመጥ እንደ ነበር፣ የሐዲድ ሠራተኛ እንደ ነበር፣ የወርቅ ጥርስ እንደ ነበረው፣ እሱ ራሱ በውሸቱ እንዳስወሰደው፣ ምንም ሳያስቀር ተናገረ። እየተናገረም ድምፁ ተሰበረ። ሴትዮዋ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ሰማችው፤ ከዚያ በፈገግታ ወደ ባሏ ዞራ የሆነ ነገር አለችው፤ ባልየውም ስልኩን አውጥቶ ባዶውን መስኮት ከሻማው ጋር ፎቶ አነሣ።

"ምን አለች?" አለች ኤውሴቢያ።

"ደስ የሚል ተረት ነው አለች።"

"ሌላስ?"

"ይህ የሆነው ከስንት መቶ ዓመት በፊት ነው ብላ ጠየቀች።"

"ንገራት እንጂ።"

ደግሞ ነገራት። ሴትዮዋ በትሕትና አንገቷን ነቀነቀች፤ አመስግናም ወጣች። ከማዶ የፍሎርሚራ ቀይ ላስቲክ በነፋሱ ይውለበለባል፤ ፍሎርሚራ ግን እንግዶቹን ስታይ በሯን መለስ አደረገች።

ኤውሴቢያ የኮካ ቅጠሎቹን ከመስኮቱ አነሣቻቸው። በመዳፏ ይዛ፣ ወዴት እንደምታደርጋቸው እያሰበች ቆመች። ከዚያ የሚቀበላቸው እንደሌለ እያወቀች፣ አንድ በአንድ እያስተካከለች በነበሩበት መልሳ አኖረቻቸው።