ሕያው ዱቄት

ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት በሚተኙበት ክፍል ዋና ነርሷን በስሟ የሚጠራት አልነበረም። ፊት ለፊት «ሲስተር» ይሏታል፤ ጀርባዋን ስትሰጥ «እትዬ ሳሙና»። ታውቃለች፤ አልከፋትም። እጇን ስትታጠብ ላየ ሰው የራሷ እጅ አይመስልም፤ የተዋሰችውን ዕቃ ለባለቤቱ የምትመልስ ይመስል በየጣቷ መሃል ትፈትገዋለች። የክፍሉን ደፍ የሚረግጥ ሁሉ፣ ሐኪም ቢሆን አባት፣ መጀመሪያ እጁን ዘርግቶ ያሳያታል።

ክፍሉን የሚመራው ዶክተር ሥራ የለመደው እሷ ሥር ነው። አንድ ጠዋት ትንንሽ እሽጎች የሞሉበት ሣጥን ከማቀዝቀዣ አውጥቶ ጠረጴዛዋ ላይ አኖረላት።

«ሲስተር፣ ይኼን ዱቄት ከእናቶቹ ወተት ጋር ለሕፃናቱ እንሰጣለን።»

«ምንድን ነው?»

«ባክቴሪያ።»

ይቀልድ እንደሆነ ፊቱን አየች። አይቀልድም።

«ደጉ ዓይነት ነው፤ ሕይወት ያለው። ቀኑን ጠብቆ የተወለደ ልጅ ከእናቱ ገላና ከወተቷ ያገኘዋል። የእኛዎቹ ማሞቂያ ሣጥን ውስጥ ተዘግተው መድኃኒት ሲወጉ ይከርማሉ፤ አንጀታቸው ሰው ያልገባበት ቤት ነው። ባዶ ቤት ደግሞ ሌባ አያጣም።»

«ዕድሜዬን ሙሉ በበር ሳባርረው የኖርኩትን አሁን በማንኪያ ላጉርሰው?»

«በማንኪያ አይደለም ሲስተር፣ በቱቦ ነው።»

ወጣቶቹ ነርሶች ሳቁ። እሷ አልሳቀችም፤ ሌባ ያለውን ግን ታውቀዋለች። ባለፈው ወር ደህና ኪሎ መጨመር የጀመረ ልጅ ጠዋት ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቶ ተገኘ። ከሰዓት ቀዶ ሐኪሙ ከፍቶ አየና፣ አንጀቱ ጠቁሮ ስላገኘው መልሶ ሰፋው። ልጁ አላደረም፤ እናቱ ኮፍያውን ረስታ ሄደች። ሲስተር አጥባ መሳቢያዋ ውስጥ ከተተችው። ስለ ኮፍያው ያናገራት የለም፤ እሷም ማንንም አላናገረችም።

ዶክተሩ ነገሩን አላሳመረውም። ዱቄቱ ሁሉንም ሕፃን አያድንም፤ አልፎ አልፎም ደጉ ባክቴሪያ ራሱ ደም ውስጥ ገብቶ ሊያሳምም ይችላል። ስለዚህ የእያንዳንዷ እናት ፈቃድ ያስፈልጋል አለ። ከእናቶቹ አንዷ የሲስተር የገዛ ልጅ ነበረች። ሕፃኑ ከቀኑ እጅግ ቀድሞ ስለመጣ በአያቱ መዳፍ ላይ ተኝቶ ቦታ ይተርፈዋል።

«እማዬ፣ አንቺ ብትሆኚ ትሰጪዋለሽ?» አለች ልጅቷ።

ሲስተር መሳቢያዋ ትዝ አላት። «እሰጠዋለሁ። የምበጠብጠው ግን እኔው ነኝ።»

«እሱንማ ማን ይከለክልሻል። አሻንጉሊቴን እንኳ ቀቅለሽ ጸጉሯን ያረገፍሽ ሰው ነሽ።»

እንዳለችውም በየማለዳው የሁሉንም ሕፃናት ዱቄት የምትበጠብጠው እሷው ሆነች። ዶክተሩ በቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ይሁን ብሏታል። ነገር ግን አመል ያወጣል ከመሃል እንዲሉ፣ በሥራ ጥጓ ከተማሪነቷ ጀምሮ ያልተለያት የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ አለ። ሲንተከተክ በዓይኗ ያላየችው ውሃ ወደ ሕፃን አፍ ሄዶ አያውቅም። ትኩሱን ውሃ ዱቄቱ ላይ ታፈሳለች፤ በእጅ አንጓዋ እየሞከረች እስኪበርድ ትጠብቃለች፤ ከዚያ ከወተቱ ጋር ትቀላቅለዋለች። በእሷ ቤት ቀዝቃዛ ማለት ይኸው ነው።

የላቦራቶሪው ሰውዬ፣ ባክቴሪያ ሲያበቅል ስለሚውል «ሻጋታው» የሚባለው፣ የሕፃናቱን ሰገራ ሲመረምር ሰንብቶ መጣ።

«ከአንዳቸውም አልበቀለም» አለ። «የሰጣችኋቸው ነገር አንጀታቸው ውስጥ የለም።»

ዶክተሩ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። «እንግዲህ ዱቄቱ መንገድ ላይ ሞቶ ነው የመጣው። እመልሰዋለሁ። ሁለተኛ ልሞክር ብልም የሚሰማኝ አላገኝም።»

ያን ጠዋት የልጅ ልጇ ሆድ ተወጥሮ፣ የጠጣው ወተት አረንጓዴ ሆኖ በቱቦው ተመልሶ ነበር። ወተት ተከለከለ፤ ራጅ የሚያነሱት ሰዎች ተጠሩ። ሲስተር የምታደርገው ስታጣ ወደ ጥጓ ሄዳ እንደ ልማዷ ውሃ ጣደች። ማንቆርቆሪያው ፈልቶ ቀጭ አለና ጠፋ። እንፋሎቱ መስኮቱን አደበዘዘው። እንፋሎት ሕይወት ያለውን ነገር ምን እንደሚያደርግ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም፤ የምትወደውም ለዚሁ ነበር።

ጥቂት ቆመች። ስትበጠብጥ ልብ ብሎ ያያት የለም። ዝም ብትል ዱቄቱ ይመለሳል፣ ነገሩ ይዘጋል፣ ስሟም እንደ ጋዋኗ ነጥቶ ይኖራል። የልጅ ልጇ አንጀት ግን ባዶ ቤት እንደሆነ ይቀራል።

ተመለሰች። «መንገድ ላይ አልሞተም» አለች። «የቀቀልኩት እኔ ነኝ።»

ቀድሞ የተናገረው ሻጋታው ነው። «ሾርባ አደረግሽው በይኛ።»

ዶክተሩ አልሳቀም። «በቀዝቃዛ ብዬዎት ነበር ሲስተር።»

«ብለኸኛል። ጆሮዬ ሰምቷል፤ እጄ ነው ያልሰማው።»

ሻጋታው አንዱን በቀዝቃዛ፣ አንዱን በእሷ ትኩስ ውሃ በጥብጦ ሊያበቅል ሁለት እሽግ ይዞ ሄደ። እሷ ወደ ልጇ ሄደች። አልተቀመጠችም፤ ቆማ ነገረቻት።

ልጅቷ ቀና ብላ አየቻት። «ሆዱ የተነፋው በዚህ ነው?»

«አይታወቅም። በደንብ ቢወስደውም ሊነፋ ይችል ነበር። ዕድሉን ያስቀረሁበት ግን እኔ ነኝ።»

ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «ሂጂና እዪልኝ» አለች፣ «እማዬ» ሳትል።

ራጁ መጣ። ዶክተሩ ብርሃን ላይ ይዞ አገላብጦ አየው፤ የአንጀቱ ግድግዳ አልተጎዳም፣ ለጊዜው ደህና ነው አለ። ሆዱ ቀስ በቀስ ላላ። ሻጋታው ከዘራባቸው ሁለት የመስታወት ሰሃኖች በቀዝቃዛው የተበጠበጠው በቀለ፣ የእሷው ባዶውን ቀረ። ወተት እንደገና ሲፈቀድ ዱቄቱን የበጠበጠችው ከወጣቶቹ ነርሶች አንዷ ናት። ሲስተር እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ አጠገቧ ቆማ ታያለች። ውሃው እንፋሎት የለውም። ዓይኗ ማንቆርቆሪያውን በቦታው ፈለገው፤ ጠዋት ራሷ ወስዳ ለሻይ ክፍሉ ሰጥታዋለች።

ከቀናት በኋላ ሻጋታው ክዳን ያላት የመስታወት ሰሃን ይዞ በሩ ላይ ቆመ፣ እጁን ሳይጠየቅ ዘርግቶ።

«እንኳን ደስ አለሽ አያት። የልጅ ልጅሽ ቤት ተከራይ ገብቶበታል።»

ሰሃኗን ተቀብላ ወደ ልጇ ወሰደችው። ሕፃኑ ከነቱቦው ከእናቱ ደረት ላይ ተለጥፎ ተኝቷል። ወደ ቤት ለመሄድ ገና ብዙ ይቀረዋል።

«የትኞቹ ናቸው?» አለች ልጅቷ።

«እነዚህ ነጫጮቹ።»

«ይኼን ሁሉ?» ልጅቷ ሰሃኗን ረጅም ጊዜ አየቻት። «እና ዝም ብለሽ ይዘሻቸው ቆምሽ፣ እማዬ?»

«ምን ላድርጋቸው፤ የእሱ ናቸው።»

ሕፃኑ ተንፈራገጠና መልሶ ተኛ። ሲስተር ሰሃኗን ለሻጋታው መለሰችለትና እጇን ልትታጠብ ሄደች።