ማሽኑ የጮኸበት ቦታ

ጥላዬ ዕድሜውን ሙሉ ጀርመን አገር በአየር ማረፊያ የሰው ሻንጣ ሲጭን ኖረ፤ አንድ ቀን እንኳ ውስጡ ምን እንዳለ ሳያይ። ጡረታ ሲወጣ የተደበቀ ነገር አውጥቶ ማየት አማረውና የብረት መፈለጊያ ማሽን ገዛ። ፈቃድ ለማግኘት «ቴርሚን» በሚሉት ቀጠሮ ስንት ጊዜ እንደተመላለሰ እሱና እግዜር ያውቃሉ። ከዚያ ወዲህ ከመዋኛው ሐይቅ ዳር ያወጣው ሀብት በረንዳው ላይ በእርጎ ባልዲ ተጠራቅሟል፤ የቢራ ቆርኪ፣ የድንኳን ካስማ፣ አንገቱ የተሰበረ ማንኪያ። አንድ ጊዜ «ቀለበት አገኘሁ!» ብሎ እየሮጠ ቤት ገብቶ ነበር። የመጋረጃ ቀለበት ሆኖ ተገኘ።

ሚስቱ ገላነሽ ኒደርራድ ሰፈር ቢሮ ታጸዳለች። «እኔ ወለል እጠርጋለሁ፣ አንተ አሸዋ ትጠርጋለህ፤ ልዩነታችን ለእኔ መክፈላቸው ነው» ትለዋለች። በዚያ ሰሞን ግን ቀልዱን ትታ ቀን ቆረጠች። ቅዳሜ ወንዙ ዳር አሮጌ ዕቃ በሚሸጥበት ፍሎማርክት ጨርቅ አንጥፋ ማሽኑን ልትሸጠው ነው።

«እስከዚያ አንድ የረባ ነገር ካገኘህ ይቀመጣል። ቆርኪ አይቆጠርም» አለችው።

እሑድ የአገር ልጆች ማኅበሩ ሐይቁ ዳር ሽርሽር ወጣ። ሊቀ መንበሩ ጋሽ ሀብተ ጊዮርጊስ፣ በተማሪነት መጥተው መሐንዲስ ሆነው በስደት ያረጁ፣ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ስለ አንድነት እየተናገሩ ነበር። ንግግራቸውን የሚያቋርጡት ጥላዬን ለመንካት ብቻ ነው።

«ጥላዬ፣ ይህ የሚያለቅስ ከዘራህ ዛሬ ስንት ቆርኪ አሳቀፈህ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ገላነሽም ሳቀች፤ እሷ ስትስቅ ነው ጥላዬን ያመመው።

ክትፎው ቀረበ። ዘመናይ፣ ቦናመስ ሰፈር የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ የምትሠራ አዲስ ሙሽራ፣ የሕፃን ራስ የሚያህል ጉርሻ ጠቅልላ ወደ ጋሽ ሀብቴ ዘረጋች።

«ጋሼ፣ በሞቴ!»

የጀመሩት ዐረፍተ ነገር ገና ግሡ ላይ አልደረሰም። ጉርሻውን ሳያላምጡ ዋጡት፣ ዐይናቸው እንባ አቀረረ፣ ንግግሩም ቀጠለ።

እጇን ልትታጠብ ወደ ውኃው የወረደችው ዘመናይ ግን ጩኸቷን አቀለጠችው።

«ቀለበቴ! የቃል ኪዳን ቀለበቴ!»

በሥራ ከስታ ቀለበቱ ሰፍቷት ነበር። ውኃ ውስጥ ይሆናል ተባለ፣ አሸዋ ላይ ይሆናል ተባለ፤ በመጨረሻ ዐይን ሁሉ ጥላዬ ላይ አረፈ። እንዲህ ታይቶ አያውቅም። የጆሮ ማዳመጫውን አጠለቀ፤ የማሽኑ ድምፅ ከእሱ ሌላ ለማንም አይሰማም። ውኃው ጫፍ ጀምሮ አሸዋውን እንደ ጤፍ አበጠረው። ቆርኪ። ቆርኪ። ገላነሽ እጇን አጣምራ ቆማለች።

ምንጣፉ አጠገብ ሲደርስ ማሽኑ ጮኸ። ለቆርኪ እንደሚጮኸው አይደለም፤ ጥርት ያለ፣ የደወል ዓይነት ድምፅ ነው። ጋሽ ሀብቴ ጠግበው በጀርባቸው ተጋድመዋል።

«ጋሼ፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝ።»

ፈቀቅ አሉ። ድምፁም አብሯቸው ፈቀቅ አለ።

«ቀበቶ አድርገዋል?»

«ከክትፎ በኋላ ቀበቶ ምን ሊሠራልኝ?»

«ኪስዎ ውስጥስ?»

«ቱታ ነው የለበስኩት፣ ኪስ የለውም። ምን ያስለፈልፍሃል?»

ጥላዬ ጉርሻውን አስታወሰ። ቅቤ የጠጣውን የዘመናይን ጣትም አስታወሰ። ተንበርክኮ በጆሯቸው ነገራቸው። ጋሽ ሀብቴ፣ ሰው እስከሚያስታውሰው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አሉ።

«ማን ሰማ?» አሉ በመጨረሻ።

«እኔ ብቻ።»

«እንግዲያው ማንም አልሰማም። ልጄ፣ ነገ መድረክ ላይ ስወጣ ሰው ምኔን የሚያየኝ ይመስልሃል? ፊቴን? ሆዴን ነው የሚያየኝ!»

ጥላዬ ወደ ገላነሽ ዞረ። አንዲት ቃል ቢናገር ማሽኑ ተረፈ፤ ሽማግሌው ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው መሳቂያ ናቸው። ማዳመጫውን አወለቀ።

«የለም» አለ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ኤስባን ባቡር ውስጥ ገላነሽ የተናገረችው ቃል አንድ ብቻ ነው። «ቅዳሜ» አለች።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ ጋሽ ሀብቴ ግን ተልባ ነበር የጠጡት። ጥላዬ በየማታው ማሽኑን ተሸክሞ ቤታቸው ይሄዳል፤ ሶፋቸው ላይ ይጋደማሉ፤ እሱም ከላይ ያንዣብባል።

«ገና ናት፣ ጋሼ።»

«እንደ እርጉዝ አታገላብጠኝ! ደርሳለች አልደረሰችም፣ እሱን ብቻ ንገረኝ።»

ዓርብ ማታ ማሽኑ ዝም አለ።

«ወጥታለች! የት አለች?»

«ምኗ?» አሉ ጋሽ ሀብቴ ጣሪያ ጣሪያ እያዩ። «ድሮም አልነበረችም። ውሸታም ነው ማሽንህ፤ ብዬሃለሁ።»

ጥላዬ ማሽኑን ማጥፋት እንኳ ረስቶ ወደ በሩ አዘገመ። በሩ አጠገብ ካፖርታቸው ተሰቅሏል። ከካፖርቱ ኪስ ያ ደወል በጆሮው ጮኸ፤ ዞሮ አያቸው።

ጋሽ ሀብቴ ተነሥተው ከኪሱ መሐረብ አወጡ። ቀለበቷ በአረቄ ታጥባ፣ እንደገና በአረቄ ተነክራ፣ ከሩቅ ትሸታለች።

«ምን ብዬ ልስጣት? አንተ ብትሆን ምን ትላለህ?»

«አሸዋ ውስጥ አገኘኋት እላለሁ» አለ ጥላዬ። «እርስዎ ግን ቆመው ይመሰክሩልኛል።»

ቅዳሜ ጠዋት ገላነሽ ጨርቋን አንጥፋ፣ አንድ ጀርመናዊ ማሽኑን አንሥቶ እየመዘነ፣ ዋጋ ሊቆርጡ ሲሉ ጋሽ ሀብቴ ከረባታቸውን አስረው ከተፍ አሉ። ጥላዬና ዘመናይ ከኋላቸው ናቸው። ንግግር አደረጉ። ስለ ሳይንስ ተናገሩ፣ ስለ ትዕግሥት ተናገሩ፣ ማሽኑ ቀለበቷን ከአሸዋ ውስጥ ሲያወጣ በዐይናቸው በብረቱ ማየታቸውን ተናገሩ። ጀርመናዊው ግራ ገብቶት ማሽኑን አስቀምጦ ሄደ።

ዘመናይ ቀለበቷን ተቀብላ አሸተተች።

«የዘንድሮ አሸዋ አረቄ አረቄ ይላል» አለች። የመንከባከቢያ ሠራተኛ ናት፤ ያላየችው የለም። «ጋሼ፣ ሆድዎ ግን ደኅና ነው?»

«ምን ይሆናል ሆዴ!»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለችና ቀለበቷን ከጣቷ ይልቅ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻት።

ገላነሽ ጨርቁን አጠፈች። ባሏን ከእግር እስከ ራሱ አየችው፤ ማሽኑንም ከዚያን ቀን በፊት ነክታው የማታውቅ ያህል ቀስ ብላ አነሣችው።

«እስቲ እኔም ልሞክረው» ብላ ወደ ሰዉ አዞረችው።

ጋሽ ሀብቴ ወደ ኋላ አፈገፈጉ፤ በሁለት እጃቸው ሆዳቸውን ሸፍነው።