ቀድሞ የጠየቀው ማን ነው?

ኒቆዲሞስ ውሸታም ሰው አይደለም። ይሉኝታ ግን አለበት፤ ይሉኝታ ያለበት ሰው ደግሞ ከውሸታም የባሰ ይዋሻል፣ ያውም ጨዋ እየተባለ። ወደ ሚስቱ የሚሄድበትን ቪዛ ያስከለከለውም ይኸው ነው።

ሚስቱ ዲና ነርስ ናት። ድሬዳዋ በኢንዱስትሪ ፓርኩ ክሊኒክ ስትሠራ ቆይታ፣ አሁን ውጭ አገር አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ከተቀጠረች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። ሕጉ ባሏን እንድትወስድ ይፈቅድላታል። ማመልከቻው ገባ፤ ባልና ሚስቱም ለየብቻ በስልክ ተጠየቁ። ከጥያቄዎቹ አንዱ የጋብቻን ነገር ቀድሞ ያነሳው ማን እንደሆነ ነበር።

እሱ ቤተ ክርስቲያን አይቷት፣ ወዷት፣ ለአባቷ ሽማግሌ እንደላከ ተናገረ። ይህንኑ ለዘመድ፣ ለጎረቤት፣ ለንስሐ አባቱ ሳይቀር ሲያወራው ስለኖረ ምላሱ አልተደናቀፈም።

ዲና ግን እየሳቀች እውነቱን ተናገረች። ኒቆዲሞስ በፓርኩ የስፌት ማሽን ጠጋኝ ነው። አንድ ቀን መርፌ ጣቱን ወጋውና ክሊኒክ ሄደ። ቁስሉን ለማሳየት ብሎ ተመለሰ። ሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ግን ቁስል ተብዬውን ለማግኘት መነጽር ያስፈልግ ነበር። ባልደረባው ሚክዳድ እንኳ፣ ይቺ መርፌ ካንተ በቀር ሰው አታውቅም ወይ እያለ ሲያሾፍበት ነበር። ዲና ጣቱን አገላብጣ አየችና፣ "ኒቆ፣ ጣትህን ስትወጋ ከምትኖር ለምን አታገባኝም?" አለችው። ሰውየውን ላብ አጠመቀው። እሺም እምቢም ሳይል ወጣ፤ ብዙም ሳይቆይ ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌው እውነት ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ ነው በኋላ የተጨመረው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የኒቆዲሞስ እውነት የጠራው ባሕር ተሻግሮ ነው። የባልና ሚስቱ ቃል ስላልተጣጣመ ጋብቻው የእውነት ስለመሆኑ አልታመነም፤ ማብራሪያና የቤተሰብ ምስክርነት አያይዞ እንደገና ማመልከት ይቻላል የሚል መልስ መጣ።

ዲና ስትደውል ታለቅሳለች ብሎ የማጽናኛ ቃል አዘጋጅቶ ነበር። አላለቀሰችም።

"ለማያውቅህ ሰው እንኳ አፈርክብኝ?" አለችው። "እኔ ጠይቄህ ማግባትህ የሚያሳፍርህ ከሆነ ለምን ትመጣለህ? እዚያው ቤተ ክርስቲያን ያየሃትን ሴት ፈልጋት።"

ለአባትሽ ክብር ብዬ ነው አላት። እንግዲያው ለአባቴ ንገረው፣ ምስክሬ እሱ ነው፣ ያለ እሱ ቃል ደግሞ ሁለተኛ አላመለክትም ብላ ስልኩን ዘጋችው።

መፍራቱ አይፈረድበትም። አቶ ኃይለመለኮት ዕድሜያቸውን በምድር ባቡር የጨረሱ፣ ጡረታ ከወጡ በኋላም በዚያ ሁሉ የድሬ ሙቀት ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው የሚቀመጡ ሰው ናቸው። እንዲህ ያለ አባት ፊት ቆሞ "ልጅዎ ናት የጠየቀችኝ" ማለት እንዴት ይቻላል?

ሚክዳድን አማከረው። ሚክዳድ ነገሩን አቀለለው፤ "አቦ፣ ምን ያጨናንቅሃል? እሷ ቃሏን ትቀይራ፤ ቤተ ክርስቲያን ነው የተያየነው ትበል፣ አለቀ" አለው። ኒቆዲሞስ ምክሩን ወደደው፤ ሊደውልላት ስልኩን ሁሉ አውጥቶ ነበር። ግን ምን ብሎ ይጀምር? ያን ቀን ክሊኒክ ውስጥ ያልሽውን አላልኩም በይልኝ? ዕድሜውን ሙሉ ጓደኛም ዘመድም አንድ ነገር ሲበላሽበት ነው ኒቆዲሞስን የሚፈልገው። እሱን ራሱን የፈለገችው ዲና ብቻ ናት። በሕይወቱ ከሰማው ነገር ሁሉ ደስ ያሰኘው ያ ጥያቄ ነበር፤ እሱ ደግሞ እንደ ነውር ሲደብቀው ኖረ። በራሱ በጣም አፈረ። ስልኩን መልሶ ኪሱ ከተተ።

እሑድ ከምሳ በኋላ ከሚኖርበት ከሳቢያን ባጃጅ ይዞ፣ ከዚራ የሚባለው ሰፈር አማቶቹ ቤት ሄደ። የዲና እናት ወይዘሮ ማዘንጊያ ሐብሐብ ቆርጠው አቀረቡለት። አልቀመጥም፣ አልቀምስም ብሎ እንደቆመ ሁሉንም ዘረገፈው፤ መርፌውን፣ ጥያቄውን፣ የቪዛውን መከልከል፣ የዲናን ቁጣ። ወይዘሮ ማዘንጊያ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

"ስለዚህ ሽማግሎቹ ዋሽተውኛል" አሉ አቶ ኃይለመለኮት።

"ያስዋሸኋቸው እኔ ነኝ፣ አባባ።"

ይቆጣሉ ብሎ ጠበቀ። ሰውየው ግን ዓይናቸውን ከመሬት ሳያነሱ፣ "እኔ ምኔ ይሻላል?" አሉ። "የተከበሩ ሰዎች ደጄ ድረስ መጥተው እንዴት ልመልሳቸው ብዬ፣ ልጄን ሳልጠይቃት ነው እሺ ያልኩት። ከዚያ ወዲህ ፈልጋህ ይሁን ለእኔ ክብር ብላ ሳላውቅ ኖርኩ። እንዳልጠይቃት መልሱን ፈራሁት። አገር ለቃ ስትሄድማ ካንተ የሸሸች መስሎኝ፣ በእኔ የተነሳ ነው ብዬ እንቅልፍ አጥቻለሁ።"

ወይዘሮ ማዘንጊያ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰሙት መሆኑ ከፊታቸው ያስታውቅ ነበር። ወንበራቸውን ወደ ባላቸው አስጠጉ።

"ደውልላት" አሉ አቶ ኃይለመለኮት። "የምመሰክረውን ከራሷ አፍ ልስማ።"

ዲና አነሳች፤ ደዋዩ ባሏ መሆኑን ስላየች ድምጿ ደረቅ ነበር። ኒቆዲሞስ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍቶ ስልኩን ለአማቱ ሰጠ። እሳቸውም እንደ ወጉ ስለ ጤናዋ፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ ሥራዋ አንድ በአንድ ጠየቁ፤ በዚሁ ማምሸታቸው ነው ብሎ ኒቆዲሞስ ተስፋ ሊቆርጥ ነበር። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ዲናዬ፣ ያኔ ሽማግሎቹ ሲመጡ ልጠይቅሽ ይገባኝ ነበር፤ ሳልጠይቅሽ ቀረሁ። አሁን ልጠይቅሽ። ይህን ሰው ትፈልጊዋለሽ?"

ከወዲያ ድምፅ ጠፋ። መስመሩ የተቋረጠ መስሏቸው ወይዘሮ ማዘንጊያ ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ። ልጅቷ እያለቀሰች ነበር።

"እፈልገዋለሁ፣ አባዬ" አለች። "ላክልኝ።"