ሳይታከም የዳነው

ልብስ ሰፊዋ ታናሽ ወንድሟን ለሕክምና እሺ ለማሰኘት ሦስት ዓመት ፈጅቶባታል። ፎቶ አንሺ ነበር፤ ኮኬይን ከጀመረ ወዲህ ካሜራውን ከነሌንሶቹ በአፍንጫው ስቦ ጨረሰው። ዛሬ ጠዋት ግን ራሱ ጫማውን አሰረና «ሐሳቤን ሳልቀይር ቶሎ በይ፣ እታለም» አላት። መርፌዋን ጨርቁ ላይ እንደሰካች ተነሣች።

የማገገሚያ ማዕከሉ መዝጋቢ ስሙን ኮምፒውተር ላይ ስትጽፍ ፊቷ በራ።

«እንኳን ደስ አላችሁ!»

«በምኑ?»

«ድኗላ! ባለፈው ዓመት ዐሥራ ሁለት ሳምንት፣ አንድም ቀን ሳይቀር ታክሞ ወጥቷል። እንዲህ ያለ ታካሚማ ለዘርም አይገኝ።»

ወንድሟ አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ። «ታዲያ ለኔ ለምን አልተነገረኝም?»

«የኔ እህት፣ ይሄ ልጅ ግቢያችሁን ረግጦ አያውቅም» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«እኔ የማምነው መዝገቡን ነው። የዳነ ሰው አልጋ አይሰጠውም። ‹አገረሸበት› እንዲባል ያኔ የፈረመው የቤተሰብ ምስክር ይምጣ።» ስክሪኑን አዞረችላት።

የባሏ ፊርማ ነው። ባሏ የማዕከሉ ሾፌር ነው። ክው አለች። የወንድሟን ምስጢር ለሰው ትንፍሽ ብላ አታውቅም፤ ባልን ደግሞ ማን ከሰው ይቆጥረዋል፣ የራስ ገላ አይደል? ትራስ ላይ አልቅሳ ለሱ ብቻ ነግራዋለች።

ከግቢው ጥግ መኪና ሲያጥብ አገኘችው።

«ሪፖርቱ ሊላክ ሲል የዳነ ሰው ጎደለ» አላት ዓይኑን በጨው አጥቦ። «አለቆቼ ስም አምጣ አሉኝ። ስሙን ሰጠሁ እንጂ እሱን መች ሰጠሁ?»

«እኔ እኮ ለእናቴ ያልነገርኩትን ነው ላንተ የነገርኩህ!»

«ምን በደልኩ? በወረቀትም ቢሆን አድኜዋለሁ።»

«ና ፈርም! አገረሸበት በል!»

ጨርቁን ጨመቀ። «ተቆጣጣሪ መጥቶ ፋይሉን ቢያገላብጥስ? ከሥራ ልባረርልሽ?»

ዞር ስትል ወንድሟ ከኋላዋ ቆሟል። ባሏን ገልመጥ እንኳ አላደረገውም።

«ለማንም አልናገርም ብለሽ ምለሽልኝ ነበር።»

«ወንድምዬ፣ ባሌ እኮ ነው…»

«ያንቺ ባል ነዋ። የኔ አይደለም።»

ወደ በሩ አቀና። ተከትላው ሮጠች። «ታካሚ ነው! አታስወጣው!» ብላ ጮኸች።

የበሩ ጥበቃ የታካሚዎቹን ዝርዝር አውጥቶ በጣቱ ከላይ እስከ ታች ወረደበት። ስሙ የለም። በሩን ከፈተለት።